የአባ ቀስ መቀመጫ

የሣር ማጨጃዋ ትንሽ ትራክተር በአባ ቀስ ስር መጥፋት የጀመረችው ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ጉልበት ላይ በደረሰበት ሰሞን ነበር። ቁልፉን ሲያዞሩት እንደ ልማዷ እያጉረመረመች ትነሳለች፣ ጥቂት ትሄዳለች፣ ከዚያ ሰው አፏን እንደያዛት ሁሉ ጭጭ ትላለች። ወደ ኋላ ደገፍ ብለው ሞከሩ፤ ጠፋች። ወደ ፊት ሸርተት ብለው ሞከሩ፤ ጠፋች። መሪውን ጨብጠው ባላቸው ጉልበት ወደ ታች ሲጫኗት ብቻ እሺ ትላለች፤ እንዲያ እየተጫኑ ደግሞ ስንት ሜዳ ይታጨዳል?

አባ ቀስ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የትምህርት ቤቱ ልጆች ናቸው። ትራክተሯ ከሰው እርምጃ እምብዛም አትፈጥንም፤ እሳቸውም አጣድፈዋት አያውቁም። የሚሮጥ ልጅ ሲያዩ "ቀስ በል፣ ቀስ፣ ሣሩ የትም አይሄድም" ይላሉ። እንዲያ ሲሉ ስሙ ተለጥፎባቸው ቀረ። ያንን ግቢ ሲያጭዱ ነው ያረጁት። ሚስታቸው በወጣትነቷ ስትሞትባቸው ሌላ አላገቡም፤ አንዲት ልጃቸውን ፀጉሯን ራሳቸው እየጎነጎኑ፣ ጉንጉኑ እየተንጋደደባቸው፣ አሳደጓት።

ልጃቸው አሁን የመኪና ወንበር ልባስ ሰፊ ናት። ከጎሚስታው ሱቅ ጋር ግድግዳ በምትጋራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያረጀ ስፖንጅ ታወጣለች፣ አዲስ ትሞላለች፣ ሌዘር ቆርጣ በወፍራም መርፌ ትሰፋለች። አባቷ "ባለመርፌዋ" ይሏታል። ባል ነበራት፤ ተለያይተዋል፤ ተመልሳ አባቷ ቤት ከገባች ቆይታለች። አባቷ በዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ተናግረዋት አያውቁም፤ የገባች ዕለት አልጋዋን አንጥፈው ነው የጠበቋት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ እያወለቁ፣ ነገሩ መቀመጫው እንደሆነ ነገሯት። ትራክተሯ ሰው ከመቀመጫዋ ሲነሳ ወዲያው እንድትጠፋ ተደርጋ የተሠራች ናት፤ ስለቱ የወረደውን ሰው እንዳያገኘው። ከመቀመጫው ስር ያለች ትንሽ ማጥፊያ ነች ይህን የምትሠራው፤ ክብደት ሲጫናት ሞተሩን ትለቃለች፣ ክብደት ሲነሳላት ታጠፋለች።

"ሞላው ደክሟል መሰለኝ፣ ተቀምጬ ሳለሁ የተነሳሁ ይመስላታል" አሉ። "ሌላ መቀመጫ ፈልጊልኝ።"

ልጅቷ እሺ አለች። ዓይኗ ግን ቀበቷቸው ላይ ነበር፤ በእሷ ወስፌ የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየችበት። ከእሱ በፊት የተበሳውንም ታውቀዋለች። ከዝናቡ በፊት፣ አባቷ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ ሳሉ፣ ሐኪሙ እሷን ወደ ደጅ ጠርቶ ነገሩ ሆዳቸው ውስጥ ስር መስደዱን፣ አሁን መነካካት ማሠቃየት ብቻ እንደሚሆን ነግሯታል። ለእሳቸው ግን ጨጓራ ነው፣ ቅባት ይቀንሱ ተብለዋል አለቻቸውና የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። አባቷም ቅባት ቀነሱ፤ ትእዛዝ አክባሪ ሰው ናቸው። ሥራ ላይ የዋለ ሰው አልታመመም ብለው የሚያምኑ ስለሆኑ፣ እሷ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የታመመችው ትራክተሯ ናት ብለው እስከ መጨረሻው እንዲያምኑ።

መቀመጫ ፍለጋው እንዳሰበችው ቀላል አልሆነም። ያ ዓይነት ትራክተር መሠራት ካቆመ ቆይቷል። የተቀደደውን መቀመጫ ፎቶ ለመለዋወጫ ሻጮች ስታሳይ አንዱ የአያቱን ፎቶ ያሳየችው ይመስል ሳቀ፤ ሌላው አዲስ ማሽን ቢገዛ እንደሚሻል መከራት፤ አንዱ ደግሞ አለኝ ብሎ እግሯ እስኪዝል አስቁሟት የሞተር ብስክሌት ኮርቻ ይዞላት ብቅ አለ። በመጨረሻ የሄደችው ወደ ቶን ነው። ቶን አሮጌ ብረት በኪሎ የሚገዛ፣ እሱ ራሱ በኪሎ ቢሸጥ ቤተሰቡን የሚያበለጽግ ግዙፍ ሰው ነው። ስሙን ያወጣለት ሆዱ ነው።

የዚህች አሮጊት እኩዮች ሁሉ ቀልጠው ድስት ሆነዋል እህቴ፣ ብሎ አሰናበታት። በሩ ላይ ስትደርስ ግን የፊቷ ነገር አላስችለው አለና መልሶ ጠራት። ከተከመረው ብረት ስር የፎርክሊፍት፣ ያ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳው መኪና፣ መቀመጫ ጎትቶ አወጣ። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የቡሎኖቹን ቀዳዳ ለካች፤ ጠበብ ይላል። በያጅ ጋ ወስዳ ብረት አስቀጠለችበት። ስፖንጁን አይጥ ጎጆ ሠርታበት ስለነበር አውጥታ ጣለችው፣ በአዲስ ሞላችው፣ ከአውቶቡስ ወንበር የተረፋትን አረንጓዴ ሌዘር አለበሰችው። ጎሚስታው ለምን አረንጓዴ ሲላት፣ አባቷ ከሣር ሌላ ቀለም እንደማያውቁ ነገረችው።

ቅዳሜ ጠዋት አባ ቀስ ትራክተሯን አጥበው እንደ ሙሽራ አቁመዋት ጠበቁ። ሊያግዛት የመጣው ቶን መቀመጫውን ገጠመ፤ ከስሩ ያለችውንም ማጥፊያ በሌላ ቀየራት። ቡሎኖቹን አጥብቆ ሲጨርስ ለሙከራ ተቀመጠ። ትራክተሯ ዘፈነች። እኔን አይታ የምታኮርፍ የለችም ብሎ ወረደ። ልጅቷ ተቀመጠች፤ አሁንም ዘፈነች። አባቷ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወጡ፣ ተደላደሉ፣ ቁልፉን አዞሩ። ተነሳች። እጃቸውን ከመሪው ላይ ላላ ሲያደርጉ ጠፋች። ደገሙ። ጠፋች።

የቶን ፈገግታ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ጉልበታቸው ላይ እንደተሰጣ ጨርቅ የተንጠለጠለውን የአባ ቀስን ሱሪ አየ፤ ከዚያ ልጅቷን አየ፤ ከዚያ መሬቱን።

"አብረን አረጀንና ናቀችኝ" አሉ አባ ቀስ እየሳቁ። "ሽማግሌ የሚንቅ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።"

እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ቧንቧው ሄዱ። መንገድ ላይ አንዴ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

ቶን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አህያውን ፈርተን ዳውላውን ስንመታ ነው የከረምነው አላት። መቀመጫው ጤነኛ ነው፤ የድሮውም ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። ከፈለገች ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝቶ ማጥፊያዋን ከነጭራሹ ማሰናበት ይችላል፤ ያኔ ሰው ተቀመጠ አልተቀመጠ ሞተሩ ጉዳዩ አይደለም።

"ቢወድቁስ?" አለችው።

ቶን ከስር ያለውን ስለት አየና መፍቻውን ወደ ኪሱ መለሰ።

አባቷ እጃቸውን እያራገፉ ሲመለሱ፣ ስፖንጁ ስለደረቀ እንደሆነና ሱቅ ወስዳ እንደምታስተካክለው ነገረቻቸው። መቼም አንቺ ሰፍተሽ የማይስተካከል ነገር የለም አሏት።

ጎሚስታው ጎማ ሲሽከረከር እንዳይንቀጠቀጥ ጠርዙ ላይ የሚመታቸው ትናንሽ የእርሳስ ቁርጥራጮች አሉ። ያረጁትን እየነቀለ በጣሳ ያጠራቅማቸዋል። ልጅቷ ጣሳውን ለመነችው። ዓሣ ልታጠምጂበት ነው ወይ አላት። ሚዛን ላስተካክልበት ነው ስትለው፣ በእንጀራው የመጣችበት መስሎት ሳቀ።

ሱቋን ከውስጥ ዘግታ ስፌቱን ፈታች። እርሳሱን በጨርቅ እየቋጠረች በስፖንጁ መሐል አስቀመጠች፤ እንዳይቆረቁራቸው ከላዩ ለስላሳውን ደረበችበትና መልሳ ሰፋችው። ጭንቁ መጠኑ ነበር። ካነሰ አባቷ ተቀምጠው ትጠፋለች፤ ከበዛ አባቷ ወድቀውም አትጠፋም። እሳቸው ባሉበት እንድትሠራ፣ እሳቸው በሌሉበት እንድትቆም አድርጋ መመጠን ነበረባት። መዳፏን መቀመጫው ላይ እየጫነች፣ ይሄን ያህል ናቸው፣ አይ ይሄን ያህል፣ እያለች ስታወጣና ስትከት ዋለች።

ሰኞ ትራክተሯ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ስትዞርበት ዋለች። አባ ቀስ ልጃቸውን አጥሩ ጋ ሲያዩ ኮፍያቸውን አውልቀው አውለበለቡላት። ማታ ራት ሲቀርብ ሳህናቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። እሷ ውሃ ላምጣ ብላ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነበር፤ ደስ ያላት ነገር ምን እንደሆነ ስታስበው ነው ያለቀሰችው።

ደስታው አልሰነበተም። "ባለመርፌዋ፣ መቀመጫሽ ደግሞ ደረቀ" ይሏታል። ትፈታዋለች፣ ትጨምራለች፣ ትሰፋዋለች። ሌዘር በአንድ ቀዳዳ ሲደጋገምበት ስለሚቀደድ፣ በየጊዜው ከድሮው መስመር ገባ ብላ በአዲስ መስመር ትሰፋለች። አባቷ ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ ይበሳሉ፤ እሷ ሌዘሩ ላይ አዲስ ቀዳዳ ትበሳለች፤ በዚያው በአንዱ ወስፌ። የጎሚስታው ጣሳ ጎደለ። ወንዙን ጨረስሽው እኮ አላት፤ ፊቷን ሲያይ ግን ቀልዱን ትቶ ሳትጠይቀው ያቀብላት ጀመር። መጀመሪያ መቀመጫውን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ነበር የምታመላልሰው። ኋላ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ መንገድ ላይ እያረፈች ሆነ። አባቷ በተቀመጡበትና ባልተቀመጡበት መካከል ያለው ልዩነት በመዳፍ የማይለይ እየሆነ መጣ። ከመሞት መሰንበት እያለች ግን ትሰፋለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ምሳ ልታደርስላቸው ስትሄድ የሞተሩን ድምፅ ከበሩ ሰማችና እፎይ አለች። የመማሪያ ክፍሎቹን ዞራ ወደ ሜዳው ስትወጣ ግን ትራክተሯ መሐል ሜዳ ላይ ቆማ ብቻዋን ትንቀጠቀጣለች። አረንጓዴው መቀመጫ ባዶ ነው። አባቷ ከአጠገቧ ኳስ ይዘው ቆመዋል። ልጆች የረሱትን ኳስ ከፊቷ ሊያነሱ ማርሹን ነፃ አድርገው ወርደው ነበር።

"ወረድኩ፣ አልጠፋችም" አሉ።

ማጥፊያዋ ተበላሽታ ይሆናል አለች ልጅቷ። አባቷ ኳሱን አስቀምጠው መቀመጫውን ከሞላው ላይ በሁለት እጃቸው ከፍ ሊያደርጉት ሞከሩ፤ ንቅንቅ አላለም። ጠርዙን ጨመቁት። ከዚያ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ አስኬዱት፤ ከውጨኛው መስመር ወደ ውስጠኛው፣ ከእሱም ወደሚቀጥለው፣ እያንዳንዱ ላይ ጥቂት እየቆዩ። ልጃቸው አንድን ነገር ያለ ምክንያት ደግማ እንደማትሰፋ ያውቃሉ።

"ስንት አስገባሽበት?"

መዋሸት ትችል ነበር፤ ምላሷ እንቢ አላት።

"የጎደለውን ያህል።"

አባ ቀስ እጃቸውን ሌዘሩ ላይ አሳረፉ። አልተቆጡም። አንድ የማያውቁትን ትልቅ ሰው ያዩ ይመስሉ ነበር።

"ይኼን ሁሉ ነበርኩ?" አሉ።

ልጅቷ መሬት መሬቱን ታያለች። ሐኪሙ ጨጓራ እንዳላለ ጠየቋት፤ አላለም አለች። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ነበርና ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረባት።

"እና ቅባቱን በከንቱ ነዋ የተውኩት።"

ልትስቅላቸው ፈልጋ አልሆነላትም። እጃቸውን ሰደድ አድርገው ቁልፉን አዞሩት፤ ትራክተሯ ጠፋች። ሜዳው በግማሽ ታጭዶ በግማሽ እንደቆመ ነበር። አባ ቀስ የቀረውን ግማሽ ትንሽ አዩት።

መቀመጫውን እንድትፈታው ነገሯት። ነገ ሌላ ሰው ቢቀመጥባትና ቢወድቅ አትቆምለትም፣ ሰው ትቆርጣለች አሉ። መፍቻውን ከሣጥናቸው አውጥተው ራሳቸው አቀበሏት። ቡሎኖቹን ፈታች፣ መቀመጫውን ደረቷ ላይ አቅፋ ተነሳች። አባቷ በአንድ በኩል ሊያግዟት ያዙ፤ ክንዳቸው ከዳቸው። ለወጉ ያህል እጃቸውን ሌዘሩ ላይ እንዳደረጉ ከጎኗ ሄዱ።

በሩ ጋ ስትደርስ ድንጋይ መታትና ተንገዳገደች።

"ቀስ በይ" አሏት። "እንዳትጥይኝ።"

እሷም ቀስ አለች።