ጾሙን ያልፈታችው ልጅ

አለምነሽ ባሏ ሲሞትባት ልጇን አቢጊያን አዝላ ከደጋው ከገዘር ወደ ጂንካ ከተማ ወረደች፤ ገበያው ዳር ፓስቲ መጥበስ ጀመረች። ገዘር እያለች ጓሮ ገብታ ጎመን ትቀነጥስ፣ ጎደሬ ትነቅል ነበር። ከተማ ውስጥ ግን ጓሮ የለም፤ ጎመኑም የሚሸጥ ሆነ። የምትጠብሰው በሚረጋው ዘይት ነው፤ በተራ የሚታደለው እሱ ነዋ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው፤ ዘይት ሲያማርጥማ ማን አየው? ማታ ያልተሸጠው ፓስቲ እራት ይሆናል፤ እህል መጣል ነውር ነው። እናትና ልጅ በዚሁ ወፈሩ። ጎረቤቱም "ተመቻችሁ" እያለ ያደንቅ ነበር።

አቢጊያ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት፣ አንድ እሁድ ጎሳዬ የሚባል የጤና ባለሙያ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ደም ግፊት ሊያስተምር ቤተክርስቲያናቸው መጣ። ትምህርቱ ባልከፋ። መጨረሻ ላይ ግን "ውፍረት ምርጫ ነው፤ ሆዱን የሚገዛ ሰው አይወፍርም" አለና ከመዘምራኑ መሃል አቢጊያን አየት አደረጋት። ጉባኤው ሳቀ። አለምነሽም ሰው ሁሉ ሲስቅ ዝም ማለት ከበዳትና አብራ ሳቀች።

በሳምንቱ የጾም ጸሎት ታወጀ። ሌላው ማታ ማታ ሲፈታ አቢጊያ "እኔ ገና አልጨረስኩም" እያለች ውሃ ብቻ ትቀምሳለች። አለምነሽ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። "ልጄ በመንፈስ በረታች" አለቻት ለጎረቤቷ ለተዋበች።

ተዋበች ኦርቶዶክስ ናት፤ ስለ ጾም የሚነግራት አትሻም። "ጾም እኮ መፍቻ አለው፣ አለምነሽ። የልጅቷ ፊት ገርጥቷል" አለቻት። አለምነሽ 'ቀንታብኝ ነው' ብላ አኮረፈቻት።

የጾሙ ጊዜ አለቀ፤ አቢጊያ ግን አልፈታችም። ቀሚሷ ሰፋት፤ ከመኝታዋ ስትነሳ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። አለምነሽ ፈራች። ልጇ እንዳትሞትባት ፈራች፤ ልጅቷ ከእግዚአብሔር ጋር የያዘችውን ነገር ማቋረጥም ፈራች። እንዲህ እየተጨነቀች ቅዳሜ ማለዳ ሊጥ ስታቦካ፣ ውስጥ አንድ ነገር ዷ ብሎ ሲወድቅ ሰማች።

አቢጊያ ወለሉ ላይ ተዘርራለች። ተዋበች የአለምነሽን ጩኸት ሰምታ ደረሰች፤ አየቻትና ሐኪም ቤት የሚያደርስ ባጃጅ ፍለጋ ሮጣ ወጣች። ልጅቷ ዓይኗን ስትገልጥ ራሷ እናቷ ጭን ላይ ነው።

"ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪው፣ ልጄ? ንገሪኝና እኔ ልጹምልሽ።"

"አልጸለይኩም፣ እማ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ሆዳም ነኝ። ሁሉም ሳቁብኝ። አንቺም ሳቅሽ።"

አለምነሽ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። የምትሸሽበት አልነበራትም።

"ሆዳም አይደለሽም። ያበላሁሽ እኔ ነኝ፤ ሌላ የማበላሽ አጥቼ ነው። ያ ሰውዬ ምርጫ ሲል ከምንና ከምን እንደመረጥን ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። በአንቺ መሳቄን ይቅር በዪኝ። አሁን ብቻ ብዪልኝ።"

አቢጊያ ቀስ ብላ ቀና አለችና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

"እሺ፣ እበላለሁ" አለች በመጨረሻ። "ምን አለ?"

ባጃጁ ገና አልመጣም፤ አለምነሽ ተነስታ ጓዳ ገባች። ትናንት ያልተሸጠው ፓስቲ አለ፤ ሌላ የለም። ድስቱን ከፈተች፣ ቅርጫቱን አየች፣ የለም። አንዱን ይዛ ወጥታ ሰጠቻት።

አቢጊያ ፓስቲውን አየችው፤ ከዚያ እናቷን አየቻት። ተቀብላ መብላት ጀመረች፤ አለምነሽም ፊቷን አዙራ አለቀሰች።