የተበየደው ኮርቻ

ብስክሌቱን የሸጠችልኝ ሴት ሂርና ውስጥ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ አላት። ያወቅኳት እናቷን ልታሳክም እኔ ወደምሠራበት ጭሮ ያለ ክሊኒክ የመጣች ጊዜ ነው። ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ እውላለሁ። የእናቷን ውጤት ልትቀበል በሩ ላይ ቆማ ሳለች አንገቴን ሳሽ አየችኝ።

«ያምሻል?» አለችኝ።

«ስፖርት ሥሪ ይሉኛል። እዚህ አገር ሴት የት ሄዳ ነው ስፖርት የምትሠራው ይላሉ እርስዎ?»

«እርስዎን ለእናቴ አድርጊው» አለችና ሳቀች። «ሳይክል ትችያለሽ?»

ልጅ ሳለሁ እየተከራየን እንነዳ እንደነበር ነገርኳት። ያን ጊዜ ነው በወጣትነቷ ተወዳዳሪ እንደነበረች ያጫወተችኝ። ቁርጭምጭሚቷን የሚሸፍን ልብስ ለብሳ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ ስለ ዳገትና ስለ ማርሽ ስታወራ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። ስታገባ ባሏ «ከእንግዲህ ይበቃሻል» አላት፤ በቃት። ብስክሌቱ ግን ከሱቋ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ አለ። ወንዶች እንሸጥልሽ፣ እንግዛው ቢሏት እምቢ ብላለች።

«የምሸጠው ለሴት ነው» አለች። «ሴት ካላገኘሁ ወላሂ እዚያው ይዝገት።»

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኔ ሚኒባስ ይዤ ሂርና ወረድኩ። ብስክሌቱ የድሮ ነው፤ ብረቱ ሰማያዊ፣ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ። ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ግድግዳ አስደግፋ፣ «ውጪበት» አለችኝ። እሷ ከእኔ ትረዝማለች፤ ስቀመጥ የእግሬ ጣት እንኳ ፔዳሉን በወጉ አልደረሰም።

ትንሽ ቁልፍ ይዛ ተንበርክካ ብሎኑን ፈታች። ኮርቻውን አወረደችው። «ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊና ወደ ታች ግፊው። ጉልበትሽ ቀጥ አለ? ዳሌሽ ወዲያና ወዲህ ካለ ረዝሞብሻል ማለት ነው።» እንደገና ጥቂት ዝቅ አደረገችው። ከዚያ በእግሬ መዳፍ የፊተኛ ክፍል አስረግጣ ጉልበቴ ትንሽ እጥፍ ማለቱን አየች። መሪው ራቀብኝ። ከአንድ የድሮ ጓደኛዋ ብስክሌት የተረፈ አጠር ያለ የመሪ አንገት ከሣጥን አውጥታ ቀየረችልኝ። ክርኔን በጣቷ ነካ ነካ እያደረገች፣ «አታድርቂው። ሱታ፣ ሱታ» ትለኝ ነበር፤ ቀስ በይ ማለቷ ነው። እኔ እዚያ ላይ ሆኜ፣ ማንም ሰው የእግሬን ቁመትና የእጄን ርዝመት እንዲህ አስቦበት እንደማያውቅ ማሰቤ ትዝ ይለኛል። ልብስ እንኳ ተለክቶ የተሰፋልኝ ለሰው ሠርግ ብቻ ነው።

ሁሉ ነገር ልክ ሲሆን ከሱቋ ቀይ የጥፍር ቀለም አምጥታ፣ የኮርቻው ዘንግ ብረቱ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ ዙሪያውን ቀለበት አስመስላ ቀባችው።

«ይሄ ያንቺ ቁመት ነው» አለችኝ። «ለጥገና ከተፈታ እዚህ ላይ መልሺው።» የብሎኑን ቁልፍም ሰጠችኝ።

ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲያስሩት ቆማ እያየች ነበር። ሚኒባሱ ሲነሳ እጇን አላወዛወዘችም፤ ወደ ሱቋ ገባች።

ለጥቂት ሳምንታት ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ማለት አለብኝ፤ ካልተባለ የኋላው አይገባም። ንጋት ላይ ወደ አርበረከቴ በሚወስደው ዳገት እየታገልኩ እወጣና፣ ትንፋሼ ሲያልቅ ዞሬ ወደ ከተማ እወርዳለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን እንደያዝኩ ነው የምወርደው፤ ጀማሪ ነኝና። የጫት መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ ያልፉኛል። የሚስቁ ነበሩ፤ የሚሰድቡም ነበሩ። አንገቴ ግን መታመሙን ተወ።

ከዚያ ወንድሜ መጣ። ታላቄ ነው። ድሬዳዋ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መኪናው ሲሸጥ ሥራውም አብሮ ሄደ። አባቴና እኔ ብቻ ወደምንኖርበት ቤት ሻንጣውን ይዞ ገባ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ግን እሱ በገባ በማግስቱ አባቴ ከጡረታ ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀ።

አንድ ማለዳ ብስክሌቱ ላይ ስወጣ እግሬ ፔዳሉን አጣው። ወደ ታች ሳይ ቀዩ ቀለበት ከብረቱ በላይ ብዙ ወጥቷል። ወንድሜ ከእኔ በራስ ይበልጣል።

«ትናንት ከሰዓት ሥራ ላይ ሆነሽ ትንሽ ዞርኩበት» አለኝ፤ ጥርሱን እየፋቀ ነበር። «አንቺ ሳትፈልጊው ነው።»

«እሺ፣ ግን ወደ ቦታው መልሰው።»

«ምን ችግር አለው፣ ትመልሺዋለሽ።»

መለስኩት። በማግስቱ ከፍ ብሎ አገኘሁት። መለስኩት። እንዲህ እያልን ቆየን፤ እኔ ጠዋት አወርዳለሁ፣ እሱ ከሰዓት በኋላ ይሰቅላል። ትንሿን የብሎን ቁልፍ ሥራ ቦታ ይዣት መሄድ ጀመርኩ። እሱ ከአንድ ጋራዥ ባመጣው ፒንሳ ይፈታው ጀመር። የብሎኑ ጥርስ እየተበላ ሄደ። አንዳንድ ቀን ቁልፏ ትሽከረከራለች እንጂ አትይዝም፤ ሰዓቱ ያልፍብኝና የንጋት ጉዞዬን ትቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። አንድ ቀን እልህ ይዞኝ በእሱ ቁመት ነዳሁት። ዳሌዬ እንደ ሚዛን ከወዲያ ወዲህ ሲል፣ ማታ የጉልበቴ ጀርባ አላስቀምጥ አለኝ።

አባቴ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር።

«አባባ፣ ይንገሩልኝ። ብስክሌቱ የእኔ ነው፤ ለእኔ ተለክቶ የተሠራ ነው።»

ሬዲዮውን ዝቅ አደረገ። «ልቡ የተሰበረ ሰው ነው። አንቺ ሥራ አለሽ፤ በየወሩ የምትቀበዪው አለሽ። እሱ ምን አለው? ይህችን ትነፍጊዋለሽ?»

«የራሱን ይግዛ አላልኩም። ኮርቻውን ይመልስ ነው ያልኩት።»

«ደግሞስ» አለ አባቴ፣ የሚቀጥለውን ለማለት ሲጠባበቅ የቆየ ይመስል፣ «ሴት ልጅ በማለዳ አስፋልት ላይ እንደዚያ አጎንብሳ ስትሄድ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? እኔ ነኝ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የምሰማው። ዝም ያልኩት አንቺን ላለማሳዘን ነው።»

ሳዝን ሲያየኝ ያ ዕለት የመጀመሪያው አይመስለኝም። መልስ አልሰጠሁም። ዛሬ ሳስበው ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ያ ዝምታዬ ነው። ያን ጊዜ ግን ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ብስክሌቱ ግቢው መሃል ቆሟል። ወንድሜ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ፊቱ እንደ አዲስ ሙሽራ በርቷል።

«ነይ እዪ» አለኝ። «ከጭቅጭቅ ገላገልኩሽ።»

ኮርቻው በእሱ ቁመት ላይ ነበር። ዘንጉ ብረቱ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ሰማያዊው ቀለም ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ ዙሪያውን የቀለጠ ብረት እንደ ጠባሳ ተጋግሯል። አስበይዶታል። ብሎኑ ተበልቶ ኮርቻው እየሰመጠ ስላስቸገረው፣ በያጅ ዘንድ ወስዶ አንዴ እስከ መጨረሻው አጣብቆታል። ጥፍር አድርጎ ይዞ ነቀነቀው።

«ንቅንቅ አይልም።»

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺማ ቀስ ብለሽ ትለምጂዋለሽ።»

አባቴ ከበረንዳው፣ «ይኸው፣ አሁን ሰላም ሆነ» አለ።

ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን አወለቅኩና አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ወጥ የሠራሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ግን ሠርቻለሁ፤ ሦስታችንም አንድ ትሪ ላይ በልተናል። ወንድሜ አጎረሰኝ። ጎረስኩ።

የሚቆረጥ፣ የሚላቀቅ ከሆነ የምታውቀው እሷ ናት ብዬ በዕረፍቴ ቀን ብስክሌቱን ሂርና ይዤው ሄድኩ። ረዳቱ ከጣሪያው ሲያወርደው ከሱቋ በር ላይ አየችን። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ቀረብ ስንል ፈገግታዋ የት እንደገባ አላውቅም።

ከጀርባው ግቢ ወስዳ ያን የፊተኛውን ግድግዳ አስደገፈችው። ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ማነው?» አለች።

«ወንድሜ።»

«ቧንቧው ተቃጥሏል። ቢቆረጥም ከታች የተጣበቀው አይወጣም። ቢወጣም ብረቱ ከዚህ በኋላ አይታመንም፤ ቁልቁለት ላይ ቢሰበር ትሞቻለሽ።» ድምፅዋ የሱቅ ሒሳብ የምትናገር ይመስል ነበር። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ቆመሽ አየሽው?»

«ሲበየድ ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«የተበየደበትን ቀን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

አባቴ ያለውን፣ ወንድሜ ሥራ ማጣቱን ነገርኳት። እየተናገርኩ ሳለ የእነሱ ጠበቃ ሆኜ መቆሜ ለራሴ ተሰማኝ፤ ማቆም ግን አልቻልኩም። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እኔን ባሌ አስተወኝ» አለች በመጨረሻ። «ከባል ጋር ልጅ አለ፣ ቤት አለ፣ አላህ አለ። አንቺን ማን ያዘሽ? ገዝተሻል፣ ከፍለሻል፣ ልክሽን ሠርቼልሻለሁ። ወንዶቹ ሲለምኑኝ አንዳቸው ቢወስዱት ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ልካቸው ነው።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እኔን ምን አደረግሽኝ? ያንቺ ዕቃ ነው።» ሻርፗን አስተካከለች። «ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሊመለሱ ነው። ያውቁታል፤ እንዲህ ሆኖ እንዲያዩት አልፈልግም። ውሰጂልኝ።»

ወደ መንገዱ ገፍቼ ወጣሁ። ሚኒባስ እስኪመጣ ከሱቋ ርቄ፣ ጫት ከሚጭኑ ሰዎች አጠገብ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ኮርቻውን አይተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ላንቺ ረጅም አይደለም?» አሉኝ በኦሮምኛ። አዎ አልኳቸው።

ወንድሜ ብስክሌቱን ከዚያ በኋላ ብዙ አልነዳውም። ከጭሮ ገለምሶ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ሹፌርነት አገኘ፤ የመንገዱን ዳገትና አቧራ፣ የተሳፋሪውን ጠባይ እያወራ ይመጣል። ጥሩ ሰው ነው ይሉታል፤ ለእናቶች ቦታ ይሰጣል። ብስክሌቱ አጥሩ ሥር ቆሟል። ጎማው ሟሽሾ መሬት ነክቷል። አባቴ፣ ማንም ካልነዳው ለብረት ገዢ እንስጠው ብሎኝ ያውቃል። እንደፈለጉ ያድርጉት አልኩት፤ እሱም ረሳው።

አንገቴ ተመልሶ ያመኛል። የክሊኒኩ ሐኪም ስፖርት ሥሪ ይለኛል፤ እሺ እላለሁ። ለሥልጠና ወይም ለዘመድ ጉዳይ ወደ ድሬዳዋ ስሄድ ሚኒባሱ ሂርናን ማለፉ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም ለተሳፋሪ ይቆማል። የእሷ ሱቅ ስንሄድ በግራ በኩል ነው። እኔ አስቀድሜ በቀኝ በኩል ቦታ እይዛለሁ።