ሼህ ይመር ያዘዟቸው አምስት ትራክተሮች

ዛሬ መርሳ ከተማ ላይ የትራክተር ማዘዣ መተግበሪያችን ሲመረቅ፣ የግራናው ገበሬ ሼህ ይመር የማዘዣ ቁልፉን ደጋግመው ተጭነው ለአንድ ማሳ አምስት ትራክተር አዘዙ።

አለቃዬ ደነገጠ። «ምነው ሼህ፣ አንዴ አይበቃም?»

«ሰው እንኳ አንዴ ተጠርቶ አይሰማም!» አሉት።

እኔ ሶፍትዌር ስፈትሽ ከተጻፈልኝ ቅደም ተከተል ወጣ እልና፣ «የቸኮለ ሰው ምን ያደርጋል?» እያልኩ እነካካለሁ። ቁልፉ ሲደጋገም ትዕዛዙ የሚባዛበትን ይህን ስህተትም ቀደም ብዬ ያገኘሁት እንዲሁ ነበር። አለቃዬ ግን «ማን ደጋግሞ ይጫናል? ጨዋታሽን ተይ!» ብሎ ከፍተሻ አውጥቶ የምርቃቱ ውሃ አዳይ አደረገኝ።

ዛሬ በላብ ተጠምቆ «ምን ይሻላል?» ሲለኝ ውሃ ሰጠሁት።

«መጀመሪያ ወደ ፍተሻ መልሰኝ» አልኩት። ውሃውን መጠጣቱን ሲቀጥል እንደ ሼህ ይመር ደጋገምኩበት። ሰማ።

እናንተስ፣ «ማን እንዲህ ያደርጋል?» የተባለለት ሰው ራሱ ከች ብሎላችሁ ያውቃል?