የየሺ ጆሮ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት አኩርፋ መጣች። በእንግሊዝኛ የማዳመጥ ፈተና አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ በልጣታለች። «እማዬ፣ እኔ ልቤ ሲመታ ጆሮዬ ይደፈናል። እሷ ምንም አይመስላትም!» አለችኝ። ከእኔ እንደወረሰችው አልነገርኳትም።

እዚሁ ደብረ ታቦር መምህርነት ስማር ከየሺ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የሺ ከአንበሳሜ ከተማ የመጣች ልጅ ናት። እኔ ሬዲዮ ላይ ተደፍቼ እንግሊዝኛ ስለማመድ እሷ የገብስ ቆሎዋን እየቆረጠመች ታንቀላፋለች። የማዳመጥ ፈተና ላይ ግን መምህራችን ማንበብ ሲጀምሩ የእኔ መዳፍ በላብ ይርሳል፤ የልቤ ድለቃ ድምፃቸውን ይውጥብኛል። የሺ እያዛጋች ትጽፍና በሁለት በሦስት ነጥብ ትበልጠኛለች። ከነጥቡ ይልቅ ማዛጋቷ ያንገበግበኝ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ በማዳመጥ ፈተናው አንደኛ የወጣው ባሕር ዳር ለሥልጠና እንደሚላክ ተነገረን። ፈተናው ሰኔ ላይ ነበር፤ በዕለቱ በጭቃው እየተንሸራተትን ዳገቱን ስንወጣ፣

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ» አልኳት።

«ምን ሆነ?»

«መምህሩ ትኮርጃለች ብለው ጠርጥረውሻል አሉ። ዛሬ ዓይናቸውን ካንቺ አይነቅሉም።»

ውሸቴን ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ። «በማርያም! እኔ?» አለች። አፈርኩ ብል ደስ ባለኝ፤ የተሰማኝ ግን እፎይታ ነው። አንድ ቀን እንኳ የእኔን ልብ ትቅመሰው አልኩ።

ፈተናው ተጀመረ። እስክሪብቶዋ መቼ ይቆማል እያልኩ ሳያት የንባቡ እኩሌታ አመለጠኝ። እሷ ያን ቀን አላዛጋችም፤ ጀርባዋን አቅንታ ጻፈች።

ውጤት ሲለጠፍ አንድም አልሳተችም። እኔ ከወትሮዬም ወርጄ ነበር። እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ።

«ሌላ ጊዜ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለኝ ቃል ያመልጠኝ ነበር። ያን ዕለት ልቤ ሲደልቅ ጆሮዬ ተከፈተ። አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ!»

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት።

ስትሄድ ሻንጣዋን እስከ መናኸሪያ ተሸክሜ ሸኘኋት። መኪናው ሲነሳ በቅናት ማልቀሴን አየች፤ በመለያየታችን መስሏት እሷም አለቀሰች።

የሺ አሁን ባሕር ዳር ታስተምራለች፤ በየበዓሉ ትደውልልኛለች። ያው አንድ ዓይነት ድንጋጤ እኔን አደንቁሮ እሷን ማንቃቱ የማናችንም ጥፋት አልነበረም፤ ውሸቱ ግን የእኔ ነው። ስንት ጊዜ ልነግራት ጀምሬ፣ ስለ ዝናብና ስለ ኑሮ አውርቼ ዘጋሁ። ድምፅዋ ውስጥ ያለው እምነት እስከ ዛሬ ያስቀናኛል። እኔ ማንንም እንደዚያ አምኜ አላውቅም።