የእኅቴ ጉልበት፣ የእኅቴ ኩላሊት

«ኩላሊቴን አይቼው አላውቅም፤ ጉልበቴን ግን ሲነጋም ሲመሽም አየዋለሁ» አለችው እኅቴ ለሐኪሙ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። የላብራቶሪውን ወረቀት እንደያዘ ሳቁን ዋጥ አደረገ። እኔ አልሳቅሁም። ወደ እንጅባራ ሆስፒታል ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ስላላትና ሆዷን ያቃጥላት ስለነበረ። ጉልበቷን ያማት ከጀመረ ቆይቷል። ከመድኃኒት ቤት የምትገዛውን የእብጠት ክኒን ጧት ጧት ስትውጥ ዓመታት አልፈዋል።

«እናቴ፣ ክኒኑ የጉልበትዎን እብጠት ያጎድላል፣ ሕመሙን ያስታግሳል። ይሄን አልክድም» አላት ሐኪሙ። «ግን ጨጓራ ያቆስላል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊት ያደክማል። የእርስዎ ኩላሊት ደከም ማለት ጀምሯል፤ እግርዎም ያበጠው ለዚህ ነው።»

«እና ልተወው?»

«በየቀኑ መውሰዱን ይተዉት። በጣም በሚብስብዎት ቀን ብቻ ይውሰዱ፤ እሱንም ከምግብ በኋላ። በባዶ ሆድ ፈጽሞ እንዳይነኩት። በሌላው ቀን ይሄን ቀለል ያለውን ማስታገሻ ይዋጡ፣ ቅባቱን ይቀቡ፣ ምርኩዝ ይያዙ።»

«በጣም በሚብስብኝ ቀን» ብላ ደገመችው እኅቴ። ፊደል ስላልቆጠረች የሰማችውን የምትይዘው እየደገመች ነው። አንድ ጊዜ የደገመችውን አትረሳም።

እናታችን ያረፈችው እኔ ገና ጡት እንደተውሁ ነው። ያሳደገችኝ ይህች እኅቴ ናት። እታለም እላታለሁ። ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ድንችና ገብስ እንዘራለን፣ ለከሰል የሚሆን ዛፍም እንተክላለን። ዛፉ ሲደርስ ይቆረጣል፣ ይከመራል፣ ሣርና አፈር ይለብሳል፣ ከዚያ ውስጥ ውስጡን እንዲቃጠል ይለኮሳል። ጭሱ ቀለም ሲቀይር አፈሩ እንዳይሰነጠቅ እየዞሩ መድፈን ያስፈልጋል፤ ያም በጉልበት ተንበርክኮ ነው፣ መሬቱ ርጥብ ቢሆንም። እኅቴ ያንን ስትሠራ ኖራለች። ባል አግብታ ነበር፤ ሞተባት። ልጅ አልወለደችም።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጅ አዝለው በሚታዩበት ዕድሜ ነው። ዘመዶቻችን ሊድሩኝ ተሰባስበው ሲመጡ እኅቴ በር ላይ ቆማ፣ «እሷ ልትማር ነው፤ ሥራውን እኔ እሠራለሁ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ተናግራ አታውቅም። አንደኛ ክፍል ከትንንሽ ልጆች ጋር ስቀመጥ ጉልበቴ ከዴስኩ አልገባ ብሎኝ ወደ ጎን እቀመጥ ነበር። ዛሬ እንጅባራ ባለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። መጽሐፍ ተገልብጦ ሲደረደር አልወድም፤ ሰዎች በዚህ ይስቁብኛል።

ከሐኪሙ ከተመለስን በኋላ የክኒኑን መግለጫ ወረቀት ሥራ ቦታዬ ወስጄ መዝገበ ቃላት እያገላበጥሁ አነበብሁት። ጥቅሙ አንድ መስመር ነው። ጉዳቱ ወረቀቱን ከፊትም ከኋላም ሞልቶታል። ጨጓራ፣ አንጀት፣ ኩላሊት፣ ልብ፣ የደም ግፊት። ልቤ ወዲያው ወደ ብዙው አጋደለ። ቆይቼ ግን ያንኑ አንድ መስመር ደግሜ አነበብሁት። ያ መስመር እኅቴ ከአልጋዋ ግድግዳ ሳትይዝ መነሣቷ ነው። ቁልቁለቱን ወርዳ ቤተ ክርስቲያን መድረሷ፣ ከሴቶች ጋር ቆማ ማስቀደሷ፣ ስትመለስ ጎረቤት ገብታ ማውራቷ ነው። ወረቀቱ ላይ ይህ ሁሉ «ሕመም ያስታግሳል» ተብሎ አልቋል።

ዐቢይ ጾም ገባ። የጾም ሰው ምግብ የሚቀምሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ ጉልበት የሚያመው ደግሞ ጧት ነው፣ ያውም በእኛ አገር ብርድ። ከምግብ በኋላ ይውሰዱ የተባለ መድኃኒት ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ቢዋጥ ለእኅቴ ምን ያደርግላታል?

«ጾሙን ብታቆሚውስ? የታመመ ሰው እኮ ይፈቀድለታል» አልኋት።

«ጉልበቴን እንጅ አፌን መች አመመኝ» አለች።

በዚያ ጾም ክኒኑን ጨርሶ ተወችው። በየሳምንቱ ቅዳሜ በሚኒባስ አዲስ ቅዳም ወርጄ፣ ከዚያ በባጃጅ እስከ መታጠፊያው ሄጄ እጎበኛት ነበር። ቅባቱን አሻታለሁ፣ ጉልበቷን በሞቀ ውኃ በነከርሁት ጨርቅ እጠቀልልላታለሁ። ሕመሟን የምትናገረው በአፍ መፍቻችን በአውኚ ነው፤ ከሐኪም ጋር አማርኛ ታወራለች፣ ከጉልበቷ ጋር ግን በአውኚ ነው የምትነጋገር። ሲብስባት ቃል አይወጣትም፣ ከንፈሯን ብቻ ትነክሳለች። እግሯ ላይ የነበረው እብጠት ጎደለ፣ ሆዷን ማቃጠሉም ተወት አደረጋት። ግን ከበር አትወጣም። ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወርድ ታያለች፣ ሲመለስ ታያለች።

ጎረቤታችን አንዲት ሴት አለች፣ ምላሷ የማያርፍ። አንድ ቅዳሜ አጥሩን ተደግፋ፣ «አንቺ የተማርሽው፣ ኩላሊቷ ዳነ?» አለችኝ።

«ደኅና ነው።»

«እሰይ። እንግዲህ ኩላሊቷ ብቻውን ሄዶ ያስቀድስላታል።»

እኅቴ ሳቀች። እስኪያስላት ሳቀች፣ ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷን ወደ ጓሮው አዞረች። ያን ቀን ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሳስብ የነበረው ስለዚህ ነው። ልክ ያልሁትን ነገር አድርጋልኛለች፤ ኩላሊቷ እየተጠበቀ ነው። እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን ከሰው መሀል እየወጣች ነው። እኔ ነገር ሁሉ ልኩ ተለይቶ እንዲቀመጥ የምወድ ሰው ነኝ፤ ይህ ግን አልቀመጥ አለኝ።

የስቅለት ዕለት ማለዳ ስደርስ በርጩማው ባዶ ነበር። እኅቴ ነጭ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ያለ ምርኩዝ ከጓሮ ስትመጣ አየኋት።

«ምነው ዘገየሽ? ቁልቁለቱን ሳንወርድ ሊረፍድ እኮ ነው» አለችኝ።

«እታለም፣ እንዴት ተነሣሽ?»

«ዛሬ ተሻለኝ።»

ከፊቴ እየቀደመች ወረደች። ስግደቱ ከጧት እስከ ማምሻ ነው። ካህናቱ ኪርያላይሶን ሲሉ ሕዝቡ ይወድቃል፣ ይነሣል። እኅቴ ግንባሯን መሬት እያስነካች ስትወድቅ፣ መዳፏን ተመርኩዛ ስትነሣ፣ እኔ ከኋላዋ ሆኜ ቁልቁል ሲወርድና ሽቅብ ሲወጣ የማየው ነጠላ የጎልማሳ ሴት ነጠላ መሰለኝ። እኔ ደክሞኝ ቀረሁ፣ እሷ አልቀረችም። በመጨረሻ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ እያደረጉ እንደ ኃጢአቱ የሚሰግደውን ቁጥር ሲሰጡት፣ እኅቴ ብዙ ተሰጣት። «ከሰል ስለማከስል ይሆናል የጠቆርሁባቸው» ብላ ሳቀችና ያንንም እዚያው ሰገደች።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኋት። አልዋሸችኝም።

«ሐኪሙ ያለኝን ነው ያደረግሁ። በጣም በሚብስብሽ ቀን አላለም? ጾሙን ሙሉ አስቀምጬ ለዛሬ አደረግሁት። ከስቅለት የሚብስ ምን ቀን አለ?»

«ከምግብ በኋላም ብሏል። ዛሬ ውኃም አልቀመስሽ።»

«ትናንት ጉልባን በልቻለሁ። ዛሬ ከዚያ በኋላ አይደል?»

ስንት እንደዋጠች አልነገረችኝም። ኋላ እንደደረስሁበት ሐሙስ ማታ ወስዳለች፣ ዓርብ ሳይነጋ በጠበል ወስዳለች፣ ቀትር ላይም ነጠላዋን ተከናንባ እጇን ወደ አፏ ስታደርግ አይቻት ነበር፤ አፏን የጠረገች መስሎኝ። ማታ ብይ ብዬ ለመንኋት። አክፍላለሁ አለች፣ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ምንም ላትቀምስ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከጓሮ ስትመለስ ደጃፉን ይዛ ቆመች። ላብ አጥምቋታል፤ በዚያ ብርድ። «ዓይኔ ጨለመብኝ» አለች። ሰገራዋ እንደ ቅጥራን መጥቆሩን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ነገር ወረቀቱ ላይ አንብቤ ነበር፤ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነም አውቃለሁ። አጥሩን ተደግፋ የምትቀልደው ጎረቤታችን ሮጣ ባጃጅ አመጣች፣ እኅቴን ከጀርባ አቅፋ ጤና ጣቢያ ድረስ መጣች፣ በመንገዱ ሁሉ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ከጤና ጣቢያው በአምቡላንስ እንጅባራ ወሰዱን።

ትንሣኤን ያሳለፍነው ሆስፒታል ነው። ደም ተሰጣት። ያ ወጣት ሐኪም ተረኛ ነበር፤ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። አልተቆጣትም።

«እናቴ፣ ከእንግዲህ ይሄ ክኒን ለእርስዎ የለም። አንድም። ጨጓራዎ ደምቷል፣ ኩላሊትዎም ይበልጥ ደክሟል። ሁለተኛ ቢደገም ላንደርስልዎት እንችላለን።»

«እሺ ልጄ» አለችው። «የለም። አንድም።»

እሱ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረች። ከንፈሯ ነጭ ነበር።

«ተቀየምሽኝ?»

«አልተቀየምሁም። ግን እኮ ነግሬሽ ነበር፣ እታለም።»

«ነግረሽኛል። ሰምቻለሁ። አንቺ ስትመዝኚ እኔ ዝም ብዬ የተቀመጥሁ መሰለሽ? እኔም መዝኛለሁ።» ትንሽ አረፈች። «ያን ቀን አይተሽኛል አይደል?»

«አይቼሻለሁ።»

«በቃ።»

ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ከሁለቱ ሚዛኖች የእሷ ሐሰት ነው የሚል አላገኘሁም። እኔ የመዘንሁት ቀሪ ዘመኗን ነበር። እሷ የመዘነችው አንድ ቀን ነው፣ የቆመችበትን።

ከዚያ ወዲህ ክኒኑን አልነካችም። ቀለል ያለው ማስታገሻ ጉልበቷ ደጅ ቆሞ ይመለሳል እንጅ አይገባላትም፤ እሷ እንዲያ ነው የምትለው። ኩላሊቷ ባለበት ቆሟል። ጉልበቷ ግን ጎበጠ፣ ጣቶቿም ተጣመሙ፤ ኩባያ የምታነሣው በሁለት እጇ ነው። የከሰሉን ሥራ ለሰው ሰጥተናል።

ዘንድሮ ስቅለት ዕለት እኔና ጎረቤታችን ደግፈን ይዘናት ወረድን። በርጩማዋን ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር አስቀመጥንላት። ሕዝቡ ሲወድቅ አንገቷን ደፋ ታደርጋለች፣ ሲነሣ ቀና ትላለች። መዳፏን ወደ መሬት ትዘረጋለች፣ አይደርስም። በመጨረሻ ሰልፉ ሲጀመር «ውሰዱኝ» አለች። ይዘናት ቄሱ ፊት ደረስን። ቄሱ አዩዋት፣ ምርኩዟን አዩ፣ ጣቶቿን አዩ። ወይራውን ትከሻዋ ላይ ዳሰስ አደረጉትና፣ «እግዚአብሔር ይማርሽ ልጄ፣ ሂጂ ዕረፊ» አሏት። ቁጥር አልሰጧትም።

ደግነታቸው ነው። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። እኅቴ ግን የመጣችው ቁጥሯን ልትቀበል ነበር። ሆስፒታል ደም ሲሰጣት ያላለቀሰች ሴት እዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ውስጥ አለቀሰች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

ዳገቱን ስንወጣ ብዙ አረፍን። እቤት ደርሰን አልጋዋ ላይ እንዳስቀመጥኋት ጎረቤታችን ሄደች።

«ለአንቺ ስንት ሰጡሽ?» አለችኝ እኅቴ።

ነገርኋት።

«ሰገድሽው?»

«ገና ነኝ። አንቺን ይዤ መጣሁ።»

«እኩሌታውን ለኔ ስጪኝ» አለች። «እዚሁ እናድርገው።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወለሉ ላይ ቆምሁ። ስወድቅ አንገቷን ትደፋለች፤ ስነሣ ቀና ትላለች። ቁጥሩን የያዘችው እሷ ናት፣ በአውኚ። እየቆየች ድምፅዋ ዝግ አለ፣ ግን አላቋረጠችም፤ እኔም ቁጥሩ እኩሌታ ላይ ሲደርስ አላቆምሁም።