አጎቴ ሐኪሙ
የታናሽ ወንድሜ ሽንት ደም መምሰል ሲጀምር የእናቴ ወንድም ከበርጫው ሳይነሳ «የድሬ ሙቀት ነው፤ ውሃ ይጠጣ» ብሎ ፈረደ። ልጁ ሲጠሩት አልሰማ ሲል ደግሞ «ጥጋብ ነው» አለ። ጫት ጉንጩ ውስጥ ካለ አጎቴ የማያውቀው በሽታ የለም።

በኋላ ሐኪሟ እውነቱን ነገረችን። የልጁ ኩላሊት ውስጥ ደም የሚያጣራው ስስ ሽፋን የተሠራበት ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ከተፈጥሮው ጉድለት አለበት። ጆሮውንም ያደነቆረው እሱው ነው። ከእናት በኩል ይወረሳል፤ ወንዶች ላይ ይከፋል።

በርጫው ድረስ ሄጄ ይህን ሁሉ ለአጎቴ ዘረዘርኩለት። ጉንጩን እንደወጠረ መዳፉን ከጆሮው ኋላ ደገነና «ምን አልሽ? እናንተ ሴቶች ስትባሉ ማንሾካሾክ ትወዳላችሁ!» አለኝ።