የዘንዶው መጽሐፍ እርማት

የታሰርኩት ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ይዘው፣ ሶዶ ውስጥ ካለ አንድ ጣቢያ ጀርባ፣ ድሮ መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ላብና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። በሩ ሲዘጋ ብርሃን የሚገባው በጣሪያው ቆርቆሮ ስንጥቅ ብቻ ነበር።

ከእስረኞቹ መካከል ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ከመምህርነት ጡረታ ወጥተው መጽሐፍ የሚያርሙ አዛውንት፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ሌላው የማተሚያ ቤት ባለቤት ነው፤ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የከተሙ፣ እሱ ግን ወላይትኛን እንደኛው የሚናገር። ሁለቱ የታሰሩት በአንድ የሞተ ሰው መጽሐፍ ነው።

ደራሲውን በልጅነቴ አንብቤዋለሁ። የሁምቦ ሰው ነበር። ሽፋናቸው ላይ ዘንዶና ሰይፍ የተሳለባቸው ቀጫጭን መጻሕፍቱ መናኸሪያ ውስጥ ከማስቲካና ከሶፍት ጋር ይሸጡ ነበር። ሲሞት ያስታወሰው የለም። እነዚህ ሁለቱ ግን የተበጣጠሱ ቅጂዎችን ከየሰው ቤት ለቅመው፣ የአንዱን ጎደሎ ገጽ ከሌላው ሞልተው፣ እንደገና ያሳትሙለታል።

ከታሪኮቹ በአንዱ ዘንዶ የተራራውን ምንጭ ይዞ ሕዝቡን በውኃ ጥም ይፈጃል፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ሕዝቡ ተነሥቶ ያባርረዋል። መርማሪው ይህ ዘንዶ ማን እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ጋሼን ደጋግሞ ጠርቷቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ራሱ ወረቀት ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ሁለቱ ከፈረሙ ዛሬውኑ ቤታቸው እንደሚገቡ ነገራቸውና አነበበው። አንድ ተረተኛ የጻፈውን ውሸት ዳግም አናሳትምም፣ የመጨረሻውንም ምዕራፍ የጨመርነው እኛ ነን፣ ይላል።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሚስት መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ጋሼ ወደ እሱ ዞሩ።

“አንተ ቤትህ ትፈለጋለህ። ብትፈርም አልቀየምህም።”

“ጋሼ፣ ምዕራፉን የጻፈው እሱ ነው” አለ። “የሞተ ሰው ቀምቼ ምን ብዬ ልጄን ላቅፍ ነው?”

ጋሼ እስክሪብቶ ጠየቁ። መርማሪው ፈገግ ብሎ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። “ተረተኛ” የሚለውን ሰርዘው “ደራሲ” ብለው ጻፉ። “ውሸት” የሚለውን ሰርዘው “ልብ ወለድ” አሉት። ስለ መጨረሻው ምዕራፍ የተጻፈውን ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት። ከዚያ ሳይፈርሙ መለሱለት።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለ መርማሪው።

“እርማት ነው። ስሕተት እያየሁ ማለፍ አልችልም።”

“ዘንዶውስ?”

“ዘንዶው ዘንዶ ነው” አሉ ጋሼ። “ስሙን ሲሰማ የሚደነግጥ ካለ ለምን እንደደነገጠ ራሱን ይጠይቅ።”

በዚያ ቀን ጥበቃዎቹ ለሁለቱ ከቤት የመጣላቸውን ምግብ አላስገቡላቸውም። ሁላችንም ከየምሳ ዕቃችን አካፈልናቸው። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምረው በቃላቸው ተረኩልን። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ጥበቃው በሩን ደበደበ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጨረሱት።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሴት ልጅ የተወለደችው እሱ እዚያው እያለ ነው። ወሬውን የሰማው በሚስቱ እህት በኩል ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ብዙ ቆየ። ልፈርም ብሎ ግን ወረቀቱን አልጠየቀም።

አሁን ሁላችንም ተፈትተናል። መጽሐፉም ከነመጨረሻው ምዕራፉ ታትሟል። በቀደም ሻንቶ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ተማሪ ታነበው ነበር፤ የምትወርድበት ቦታ ሊያልፋት ሲል ረዳቱ ነው የጠራት። የአርታኢውና የአሳታሚው ስም በውስጥ ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል ነው ያለው። ያየችው አይመስለኝም።

ስመለስ ማተሚያ ቤቱ ጎራ ብዬ ስማቸውን ለምን ጎላ አድርገው እንደማይጽፉት ጠየቅኋቸው። ጋሼ ከሚያርሙት ወረቀት ቀና ሳይሉ፣ “መጽሐፉ የእሱ ነው” አሉኝ። ስማቸውን እኔም እንዳልጽፍ ከለከሉኝ። ታዝዣለሁ። ያደረጉትን እንዳልጽፍ ግን ማንም ሊከለክለኝ አይችልም።